ካሜራ መልክን ይይዛል፤ ስምን የሚይዘው ጽሕፈት ነው

(በራዲዮ የተነገረ፣ ለአዲስ አንባብያን የታተመ)

በቆቦ ከተማ፣ በሮቢት፣ በጎብዬ፣ በዋጃ፣ በራያ ቆላ ሁሉ የምትገኙ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ከብቱ ገብቷል? ደብተርና እርሳስ ይዛችኋል? መልካም። ይህ ንግግር ታትሞ እጃችሁ የገባ ደግሞ ጣታችሁን ከመስመሩ ሥር እያስኬዳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ መልሳችሁ አንብቡት። የሚያስቸኩል ነገር የለም።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ካሜራ ነው። ካሜራ ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ ነው። ካሜራን የማያውቅ ሰው ዛሬ የለም። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ተነሥታችኋል። በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ የሠርግ ፎቶ፣ የልጅ ፎቶ፣ ከቤት ርቆ የቀረ ሰው ፎቶ ተሰቅሏል። ይሁን እንጂ ይህ ሣጥን እንዴት አድርጎ የሰውን መልክ እንደሚይዝ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን።

"ለመሆኑ ገበሬ ስለ ካሜራ ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?" የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ይህ ነው። የእኛን አገር፣ ወሎንና ራያን፣ የዓለም ሕዝብ ያየው በካሜራ ነው። ያውም በክፉ ቀናችን። በ1966 ዓ.ም. ታየን። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ታየን። በዚያ ሥዕል ምክንያት ብዙ ነገር ሆኗል። ስለዚህ ካሜራ የኛም ጉዳይ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው እንጀምር።

ጨለማ ቤትና ቀዳዳ

በቀትር ሰዓት፣ ፀሐይ ውጭ ስትነድ፣ ጎጆ ውስጥ በር ዘግታችሁ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? በበሩ ወይም በግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለ ብርሃን በቀጭኑ ይገባል። ቤቱ በጣም ከጨለመ፣ ቀዳዳውም በጣም ትንሽ ከሆነ፣ ከፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ነገር ይታያል። በውጭ የሚያልፈው ሰው ጥላ በግድግዳው ላይ ይሄዳል። ልብ ብላችሁ እዩት። ሰውዬው ተገልብጧል! እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ነው።

ይህ የጠንቋይ ሥራ አይደለም። ብርሃን የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። እንደ ውሃ አይጠማዘዝም። ከሰውዬው ራስ የተነሣው ብርሃን ከላይ መጥቶ በቀዳዳው ሲያልፍ ወደ ታች ይወርዳል። ከእግሩ የተነሣው ብርሃን ደግሞ ከታች መጥቶ በቀዳዳው ሲያልፍ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ በቀዳዳው ላይ ይተላለፋሉ። ስለዚህ ሥዕሉ ይገለበጣል። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ይህን ነገር በጥንቃቄ ካጠኑት ሊቃውንት አንዱ በባስራ የተወለደው የዓረብ ሊቅ ኢብን አልሃይሰም ነበር።

ካሜራ ማለት እንግዲህ ይህ ጨለማ ቤት ነው። ቃሉም ከላቲን ቋንቋ የመጣ ነው። ትርጉሙ "ክፍል" ወይም "ጓዳ" ማለት ነው። ስለዚህ ካሜራ ብለን ስንጽፍ "ጓዳ" ብለን መጻፋችን ነው።

ይህን በእጃችሁ መሥራት ትችላላችሁ። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ከሠራናቸው የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች አንዱ ነበር፤ ዋጋ የለውም። ባዶ ካርቶን ፈልጉ። ውስጡን በጥላሸት አጥቁሩት። በአንድ በኩል በመርፌ ቀዳዳ ብሱ። ከቀዳዳው ፊት ለፊት ያለውን ጎን በመስኮት መልክ ቆርጣችሁ አውጡና ዘይት የተቀባ ስስ ወረቀት ለጥፉበት። አሁን በጋቢ ተከናንባችሁ፣ ቀዳዳውን ፀሐይ ወዳረፈበት ዛፍ ወይም ቤት አዙራችሁ ወረቀቱን ተመልከቱ። ዛፉ ተገልብጦ በወረቀቱ ላይ ይታያል። ልጆቻችሁ ይደሰታሉ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ፀሐይዋን ራሷን በምንም መሣሪያ አትመልከቱ፤ ዓይን ታጠፋለች።

የካሜራ ክፍሎች

የካርቶኑ ሥዕል ደብዛዛ ነው። ሣጥኑን ስናዞረውም ይጠፋል። እውነተኛው ካሜራ ሥዕሉን ጥርት ያደርገዋል፤ ይዞም ያስቀረዋል። ለዚህ ሥራ አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት።

አንደኛው ሣጥኑ ነው። ብርሃን እንዳያስገባ ተደርጎ የተዘጋ ነው።

ሁለተኛው ሌንስ ነው። ሌንስ ጎበጥ ተደርጎ የተሠራ ንጹሕ ብርጭቆ ነው። ይህም ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ምስር ማለት ነው። የምስርን ፍሬ አይታችኋል አይደል? መካከሉ ወፍራም፣ ጠርዙ ቀጭን ነው። ሌንስም እንደዚያው ነው። የተበተነውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ ያሳርፈዋል። ፎቶ አንሺው ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ የሚያሽከረክረው ሥዕሉ ጥርት እንዲል ነው።

ሦስተኛው በሌንሱ ውስጥ ያለው የብርሃን ቀዳዳ ነው። ይህ ቀዳዳ ይጠባል፣ ይሰፋል። ልክ እንደ ዓይናችን ብሌን ነው። የድመትን ዓይን በቀትርና በማታ አስተያዩ። በቀትር ብሌኗ እንደ ክር ይቀጥናል። በማታ ደግሞ ይሰፋል። በካሜራው ላይ 4፣ 8፣ 11፣ 16 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈው ታያላችሁ። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ግር ይላል፣ ግን እንደዚያ ነው።

አራተኛው መዝጊያው ነው። መዝጊያው እንደ በር ነው። ቁልፉ ሲጫን ይከፈትና ወዲያው ይዘጋል። "ቀጭ" የሚለው ድምፅ ይህ ነው። በሩ የሚከፈተው በጣም ለአጭር ጊዜ ነው። አንድን ሰከንድ ለ60 ወይም ለ125 ብትከፍሉት አንዷ ክፍያ ናት። የሚሮጥ ፈረስ ለማንሣት ከዚህም ያጠረ ጊዜ ያስፈልጋል። በሩ ቶሎ ካልተዘጋ ፈረሱ ይደበዝዛል።

አምስተኛው ፊልም ነው። ዋናው ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፊልም ምንድን ነው?

ፊልም እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ስስ ፕላስቲክ ነው። በላዩ ላይ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ሙጫ ተቀብቷል። በሙጫው ውስጥ ደግሞ ከብር የተሠራ፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር አለ። ብር ስል የኪሱን ገንዘብ አይደለም። እናቶቻችን በአንገታቸው የሚያስሩትን የጌጥ ብር ማለቴ ነው። ያ ብር ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ሲዋሐድ ብርሃንን የሚፈራ ጨው ይሆናል። ብርሃን ሲነካው ይለወጣል።

የካሜራው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ብርሃኑ ፊልሙን ነካው ማለት ነው። ሥዕሉ በፊልሙ ላይ አለ፤ ግን ገና አይታይም። እንደ ተዘራ ማሽላ ነው። ዘሩ በአፈር ውስጥ አለ። ዝናብ እስኪያገኝ ግን አይታይም። ፊልሙም ዝናብ ያስፈልገዋል።

ይህ ዝናብ መድኃኒት የገባበት ውሃ ነው። ሰው "ፊልም አሳጠብኩ" የሚለው ለዚህ ነው። ሥራው የሚከናወነው በጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ውሃ ውስጥ ብርሃን የነካው ብር ይጠቁራል፤ ሥዕሉ ይወጣል። ቀጥሎ ሌላ መድኃኒት ያለበት ውሃ ብርሃን ያልነካውን ጨው አጥቦ ያስወግዳል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ብርሃን አይፈራም። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠብና እንደ ልብስ ተሰቅሎ ይደርቃል።

የደረቀውን ፊልም ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ብታዩት ነጩ ጠቁሮ፣ ጥቁሩ ነጥቶ ይታያል። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ጥቁር ለብሳ ትታያለች። ይህ ኔጋቲቭ ይባላል። ቃሉን በደብተራችሁ ጻፉት፦ ኔጋቲቭ። ብርሃን በኔጋቲቩ አልፎ ብርሃን በሚፈራ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነገሩ መልሶ ይገለበጣል። ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩ ጥቁር ይሆናል። ፎቶግራፍ ማለት ይህ ወረቀት ነው። ከአንድ ኔጋቲቭ አሥርም መቶም ፎቶ ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ ኔጋቲቭ እናት ነው፤ ፎቶው ልጅ ነው።

የካሜራ ዓይነቶች

በፊልም የሚሠሩ ካሜራዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። ሁሉም ግን ያ ጨለማ ጓዳ ናቸው። የሚለያዩት ሰውዬው በምን በኩል ያያል፣ ሥዕሉስ በምን ላይ ያርፋል በሚለው ነው።

ጥንታዊው ትልቁ የእንጨት ካሜራ ነው። በሦስት እግር ይቆማል። ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ከኋላው ያያል። በመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ስላልነበረ ሥዕሉ የሚያርፈው በመስተዋት ሰሌዳ ላይ ነበር። ለመነሣት ብዙ ሰከንድ ያስፈልግ ነበር። "አትነቃነቁ" የሚባለው ለዚህ ነው። በድሮ ፎቶ ላይ ሰው ሁሉ እንደ ምሰሶ ቆሞ፣ ፊቱን አጠንክሮ የሚታየው ተቆጥቶ አይደለም፤ እንዳይደበዝዝ ነው።

ሁለተኛው የመንገድ ዳር ሣጥን ካሜራ ነው። በአፍሪካም በእስያም ከተሞች ብዙ ሰው ተነሥቶበታል። ይህ ሣጥን ካሜራም ነው፣ ጨለማ ክፍልም ነው። መድኃኒቱ በሣጥኑ ውስጥ ነው። ፎቶ አንሺው በጨርቅ እጀታ በኩል እጁን አስገብቶ ወረቀቱን እዚያው ያጥበዋል። ባለጉዳዩ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ጉርድ ፎቶውን ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛው ባለ ሁለት ዓይን ካሜራ ነው። አንዱ ሌንስ ከላይ፣ ሌላው ከታች ነው። በላይኛው ሰውዬው ያያል፤ በታችኛው ሥዕሉ ይነሣል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቶ ከላይ ያያል። እጅ የሚነሣ ይመስላል። የጀርመኑ ሮሌፍሌክስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ወጣ። የጃፓኑ ያሺካም ከዚህ ዓይነት ካሜራዎች አንዱ ነው።

አራተኛው በትንሽ መስኮት የሚታይበት ትንሽ ካሜራ ነው። በኪስ ወይም በአንገት ይያዛል። የጀርመኑ ላይካ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 ለገበያ ቀረበ። የፊልሙ ስፋት 35 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ጥቅል 36 ፎቶ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ፎቶ አንሺ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ገበያ፣ ወደ ጦር ሜዳ፣ ወደ ሠርግ መሄድ ቀለለው።

አምስተኛው ባለ መስታወት ካሜራ ነው። በውስጡ ፊት የሚታይበት ዓይነት ትንሽ መስታወት አለ። ሰውዬው የሚያየው በዚያው ሥዕሉን በሚያነሣው ሌንስ በኩል ነው። ቁልፉን ሲጫን መስታወቱ ወደ ላይ ብድግ ይላል፤ ብርሃኑ ፊልሙን ያገኛል፤ መስታወቱ መልሶ ይወርዳል። በሶቪየት ኅብረት የተሠራው ዜኒት፣ በጃፓን የተሠሩት ኒኮንና ካኖን ከዚህ ወገን ናቸው። ሌንሳቸው ተፈትቶ ሌላ ይገጠምበታል። የሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ አለ፤ ሰፊ ሜዳ የሚያሳይ ሌንስም አለ።

ስድስተኛው ፖላሮይድ ነው። ፎቶው ከካሜራው ራሱ ይወጣና በእጃችሁ ላይ እያለ ሥዕሉ ይገለጣል። ግን ኔጋቲቩ ተይዞ አይቀመጥም። ያ አንድ ወረቀት ከጠፋ ጠፋ ነው።

ሰባተኛው ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያነሣው፣ ማለትም የሲኒማ ካሜራ ነው። ይህ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ፎቶ ያነሣል። ፊልሙ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። እነዚህ ፎቶዎች በዚያው ፍጥነት ሲታዩ ዓይናችን መለየት ያቅተዋል። ሰውዬው የሚራመድ ይመስለናል። እስቲ በሒሳብ እንሥራው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ፎቶ ይሆናል? 24 ጊዜ 60፣ 1,440 ፎቶ ይሆናል።

ዛሬ ፊልም ያለው ካሜራ ከገበያው እየወጣ ሄዷል። አብዛኛው ሰው የሚያነሣው በስልኩ ነው። ግን ስልኩም ጨለማ ጓዳ አለው፤ ሌንስ አለው። በፊልሙ ቦታ የገባው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ ሰሌዳ ነው። ስለዚህ የተማራችሁት ለስልኩም ያገለግላል።

ካሜራ ወደ እኛ ሲመጣ

ካሜራ በእኛ ዙሪያ ያለፈው ገና በአጼ ቴዎድሮስ ዘመን መጨረሻ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲሄድ በሐሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አልፏል። ሐሸንጌ ከራያ ሜዳ በላይ፣ ከኮረም ብዙ የማይርቅ ሐይቅ ነው። በጦሩ ውስጥ ፎቶ የሚያነሡ ወታደሮች ነበሩ። ዋና ሥራቸው ካርታ በፎቶ እየገለበጡ ለአዛዦች ማባዛት ነበር። ከዚያም ሌላ ተራራውን፣ ሰፈሩንና ሰዉን አነሡ።

ያኔ ሥራው ከባድ ነበር። የመስተዋቱን ሰሌዳ መድኃኒት ቀብተው፣ ሳይደርቅ አንሥተው፣ ሳይደርቅ ማጠብ ነበረባቸው። ስለዚህ ጨለማውን ክፍል፣ መስተዋቱንና የመድኃኒቱን ጠርሙስ ሁሉ ተሸክመው ነው ያንን ዳገት የወጡት።

መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ተያዘች። የንጉሡ ልጅ አለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ወደ እንግሊዝ አገር ወሰዱት። በዚያው ዓመት ክረምት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶ አንሺ አነሣችው። ያ ፎቶ ዛሬም አለ። ልጁ ወደ አገሩ ሳይመለስ በ18 ዓመቱ ሞተ። ፎቶውን ያየ ሁሉ ግን "ይህ አለማየሁ ነው" ይላል። እንዴት አወቀ? ስሙ፣ ዓመቱና ያነሣችው ሴት ስም ስለተጻፈ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1966 እና በ1977

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ መጣን። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ዝናብ ጠፋ። የራያና ቆቦ አውራጃ ክፉኛ ከተጎዱት ውስጥ ነበር። ሰው ቀዬውን ለቆ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ታላላቆቻችሁ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ጠይቋቸው።

ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ከካሜራ ሠራተኞች ጋር ወደ ወሎ መጣ። ያነሡት ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ። ስሙም "ያልታወቀው ረሃብ" ማለት ነው። የእንግሊዝ ሕዝብ አይቶ ደነገጠ፤ ገንዘብ አዋጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። የተራበው ሕዝብ ሥዕልና የቤተ መንግሥቱ ድግስ ሥዕል ጎን ለጎን ተቀጥሎ ነበር። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ አጼ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወረዱ።

ፊልም እንደ ጨርቅ ነው። ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። የረሃቡ ሥዕል እውነት ነው። የድግሱም ሥዕል እውነት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያደርጋቸው ግን መቀስ የያዘ ሰው ነው። ሲቀጠሉ አዲስ ነገር ይናገራሉ። ያ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፎቶ ወይም ፊልም ስታዩ እነዚህን ጠይቁ። ማን አነሣው? መቼ? የት? ከምን ጋር ቀጠለው? ዛሬ በስልክ የሚመጣላችሁን ሥዕልም እንዲሁ ጠይቁ። የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ሥዕል "የትናንት ነው" ተብሎ ሲላክ እናያለን።

በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ተመልሶ መጣ። ከአላማጣ ተነሥቶ የግራካሱን ጠመዝማዛ ዳገት ለወጣ ሰው ኮረም ቅርብ ናት። ከቆላውም ከደጋውም ብዙ ሺህ ሰው እህል ፍለጋ ወደ ኮረም ወጣ። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ መጠለያው አልበቃም። ሞሐመድ አሚን የተባለ የናይሮቢ ተወላጅ ካሜራ አንሺ፣ ማይክል በርክ ከተባለ የቢቢሲ ጋዜጠኛ ጋር ወደ ኮረምና ወደ መቀሌ መጣ። ያነሣው ሥዕል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ። ከዚያ በብዙ አገሮች ታየ። ሰው አለቀሰ፤ ብር አዋጣ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ዘፋኞች በሎንዶንና በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ተሰብስበው እርዳታ ለማሰባሰብ ዘፈኑ።

ሞሐመድ አሚን በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ። ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ማንሣቱን ቀጠለ። በ1989 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ ተጠልፎ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሞተ። የእርሱ ስም በየመጻሕፍቱ ተጽፏል። ሊጻፍም ይገባዋል።

በሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎችስ? ልጇን ያቀፈች እናት አለች። በጋቢ የተጠቀለለ ሽማግሌ አለ። ሥዕላቸው ዓለምን ዞሯል። የብዙዎቹ ስም ግን አልተጻፈም። ከየት ቀበሌ እንደመጡ አልተጻፈም። "ይህች እናት ማን ናት?" ቢባል ካሜራው አይመልስም። ካሜራው መልኳን ያዘ። ስሟን ለመያዝ እርሳስ ያስፈልግ ነበር። እሷም ስም ነበራት፤ አባት ነበራት፤ አገር ነበራት።

የንጉሡ ልጅ ስም ከፎቶው ጋር ተጽፎ እስከ ዛሬ ደረሰ። የገበሬዋ ስም አልደረሰም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ካሜራው አይደለም። ጽሕፈቱ ነው።

እኛ ምን እናድርግ?

እንግዲህ እናንተ አሁን መጻፍ ትችላላችሁ። ስለዚህ ይህ ሥራ የእናንተ ነው።

በቤታችሁ ያለውን ፎቶ አውርዱ። ቤተሰቡን ሰብስቡ። ታላላቆችን ጠይቁ። "ይህ ማን ነው? ይህችስ? የት ተነሡ? በየትኛው ዓመት?" ዓመተ ምሕረቱን ካላወቁት "የእከሌ ሠርግ ጊዜ" ወይም "እከሌ በተወለደ ዓመት" ቢሉም ጻፉት። ይህን የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው። እነርሱ ሲያልፉ እውቀቱ አብሮ ያልፋል።

ስሙን ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉ። "አያቴ" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። የእናንተ አያት ለልጅ ልጆቻችሁ ማን እንደሆኑ አይታወቅም። ስም ከነአባት፣ ቦታ፣ ዓመት፤ ሦስቱ ይበቃሉ።

በፎቶው ጀርባ ስትጻፉ በእርሳስ፣ በስሱ፣ በጠርዙ በኩል ይሁን። እስክሪብቶ ተጭናችሁ ከጻፋችሁ ከፊቱ በኩል ይወጣል፤ ቀለሙም ያልፋል። የአንዳንዱ ፎቶ ጀርባ እንደ ላስቲክ ስለሆነ እርሳስ አይጽፍበትም። እንደዚያ ከሆነ በፖስታ ውስጥ አስገብታችሁ በፖስታው ላይ ጻፉ። መጀመሪያ ጻፉ፤ ከዚያ ፎቶውን አስገቡ።

ኔጋቲቭ ካላችሁ አትጣሉት። እናቱ እርሱ ነው ብለናል። በጣት አትንኩት፤ በጠርዙ ያዙት። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ፎቶ ሦስት ጠላት አለው፦ ፀሐይ፣ ጭስ፣ እርጥበት። ከምድጃው በላይ አትስቀሉ። የፀሐይ ጨረር በቀጥታ ከሚመታው ግድግዳም አርቁት።

በስልክ የተነሣ ፎቶም ይጠፋል። ስልኩ ከተሰበረ ወይም ከተሰረቀ ፎቶው አብሮ ይሄዳል። ስልኩ ቀኑን ይመዘግባል፤ የሰውዬውን ስም ግን እናንተ ካልጻፋችሁለት አያውቅም። ስለዚህ የምትወዱትን ፎቶ በወረቀት አሳትሙ። ከጀርባውም ጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። እንግዳ ሰው መጥቶ ካሜራ ቢያዞርባችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም። "ማን ነህ? ለምን ታነሣኛለህ? የት ይታያል?" በሉት። ከተስማማችሁም "ስሜን ጻፍ" በሉት። ፊደሉን ቢሳሳት አርሙት። አሁን ማረም ትችላላችሁ።

ለዛሬ በዚሁ ይበቃናል። ለሚቀጥለው ትምህርት ይህን ሠርታችሁ ቆዩ። በደብተራችሁ ላይ እነዚህን ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ፦ ካሜራ፣ ሌንስ፣ ፊልም፣ ኔጋቲቭ። የካሜራን አምስት ክፍሎች ለጎረቤታችሁ በቃል ንገሩ። ጨለማ ቤት ውስጥ ሥዕል ለምን እንደሚገለበጥ ለልጆቻችሁ በካርቶኑ አሳዩ። በመጨረሻም ከቤታችሁ አንድ ፎቶ መርጣችሁ የሰዎቹን ስም ከነአባታቸው፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉበት። ፎቶ የሌለው ሰውም አይቅር፤ የሚያስታውሰውን ሰው ስም በደብተሩ ይጻፍ፤ ከሥሩም መልኩ ምን እንደሚመስል በሁለት መስመር ይጻፍ።

በሚቀጥለው ትምህርት በሰላም ያገናኘን። ደህና ሁኑ።